ከካሜራው የሚወርድ ፍላሽ

ላይፕሲግ፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ሻንቆ፣ ጂንካ

የጌታ ሰላም ከአንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ባለቤትህ አለምነሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የፓምፕ ሞተር ጥገናው ትምህርት ጥሩ እየሄደልኝ ነው። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ድንቹን ግን ገና አልለመድኩትም።

ዛሬ የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ከአገር ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ፤ የእናቴ ፎቶ ግን አንድም የለኝም። ስመጣ በጥድፊያ ነበር፤ አንተም ያኔ ካሜራ አልነበረህም። እዚህ አብረውኝ የሚኖሩት የቬትናምና የሞዛምቢክ ልጆች እናቶቻቸውን ከአልጋቸው በላይ ሰቅለዋል። በእኔ ግድግዳ ላይ ያለው የፓምፕ ሥዕል ነው። አንዳንዴ ዓይኔን ጨፍኜ ላስታውሳት ስሞክር ድምጿ እንጂ መልኳ አይመጣልኝም፤ ይኼ ያስፈራኛል።

አሁን ፎቶ ቤት ከፍተሃል፣ «ፎቶ ሻንቆ» የሚል ሰሌዳም ሰቅለሃል አሉኝ። እንግዲያው እናቴን፣ አክስትህን፣ አንድ ጊዜ አንስተህ ላክልኝ። ለሥራህ የሚያስፈልግህ ዕቃ ካለም ጻፍልኝ፤ ይህ ከተማ የካሜራ አገር ነው።

ወንድምህ ደምሰው


ጂንካ፣ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር፣ ኅዳር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለደምሰው

የአባቶቻችን አምላክ ጤናህን ይጠብቅ፣ አእምሮህን ያብራ፣ ድንቹንም ይባርክልህ። እኛ እንዳየኸን ነን። አለምነሽ ደኅና ናት፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ላሟ ወልዳለች፣ እሷም ደኅና ናት፣ አክስቴ ቦሼ በጣም ደኅና ናት።

ደብዳቤህ የደረሰኝ አውሮፕላኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜዳው ደርቆለት ሲወርድ ነው። ከብቶቹን ከሜዳው የሚያባርሩት ሰዎች ገና ጅራፋቸውን ሳይጠቀልሉ እኔ ፖስታውን ቀድጄ ቆሜ አነብ ነበር። «የሚያስፈልግህ ዕቃ ካለ» የምትለው ጋ ስደርስ ልቤ ዘለለ። ይህን ቃል ያጻፈህ ጌታ ነው፤ ከተናገርክ ደግሞ አትመለስም። ፍላሽ ላክልኝ። ግን የተገኘውን ፍላሽ አይደለም፤ ከካሜራው የሚወርድ ፍላሽ ነው የምፈልገው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ባለፈው ጥር መምህር ፈለቀ ካሜራ ራስ ላይ የሚሰካ ፍላሽ ከነካሜራው አውሶኝ የፅጌረዳን ሠርግ አነሳሁ። ፊልሙን ሳጥበው ሙሽራዋ የመኪና መብራት የያዛት ሚዳቋ መስላ ወጣች። የሁሉም ግንባር ያብረቀርቃል፣ አፍንጫ የሚባል ነገር የለም፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ጥላ ቆሟል። የፅጌረዳ አባት ፎቶውን አገላብጦ አየና «ሃምሳ ሰው ጠርቼ መቶ ሰው ነው የበላብኝ ማለት ነው?» አለኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ከረምኩና ገባኝ። ጥፋቱ ብርሃኑ ከካሜራው ጋር አንድ ቦታ መቆሙ ነው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ የተራራው ሸንተረር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ተራራው ጠፍጣፋ ነው። የሰው ፊትም እንደዚያው ነው። ፍላሹን ከካሜራው አውርጄ አለምነሽ በጎን ብትይዝልኝ፣ ጉንጩም አፍንጫውም በየቦታው ይቆማል፤ ጥላውም ከግድግዳው ላይ ወርዶ ወደ ጥግ ይሄዳል። ይህን ካሰብኩ ጀምሮ ምሳ እየበላሁ እንኳ የሰውን ፊት በማንኪያ ጥላ እለካለሁ፤ አለምነሽ አብደሃል ትለኛለች።

አክስቴን የማነሳት በዚያ ፍላሽ ነው። በፀሐይ ማንሳት ይቻላል፤ ግን ለእሷ አይመጥናትም። ትንሽ ታገሠኝ።

ወንድምህ ሻንቆ


ላይፕሲግ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ሻንቆ

ሰላምታዬ በረዶውን አልፎ ይድረስህ። ደብዳቤህን ለሞዛምቢኩ ጓደኛዬ ተርጉሜ ነገርኩት፤ መቶ ሰው የበላበት ሠርግ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ወደቀ።

ሱቅ ሄጄ ጠየቅኩልህ። ሻጩ ሽማግሌ ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው የሳሙና ቁራጭ የሚያክል ነው፤ ሽቦ የለውም፣ ካሜራ ራስ ላይ ሲሰካ ብቻ ያበራል። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፤ አንገቱ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጎኑ ላይ የሽቦ መሰኪያ አለው፣ አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ሦስተኛው እንደ መዶሻ በእጅ የሚያዝ፣ ሣጥኑ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ነው። ሽማግሌው አንዴ ቢያበራው በሱቁ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጉልበቱ ከሌሎቹ እጥፍ ይሆናል፤ ግን በኮረንቲ ለሰዓታት መሞላት አለበት።

«ካሜራው ምን ዓይነት ነው? ሰውየው ምን ያህል ይርቃል? ኮረንቲስ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዱንም አልመለስኩለትም። አንተ ንገረኝ።

እናቴን ግን ፍላሽ ሳትጠብቅ አንሳት። በፀሐይም ይሁን፣ ፊቷ ጠፍጣፋም ይሁን፣ እኔ ግድ የለኝም።

ደምሰው


ጂንካ፣ የካቲት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለደምሰው

የሰማይና የምድር ጌታ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። ሁላችን ደኅና ነን፤ አክስቴም በጣም ደኅና ናት።

ሦስቱን ፍላሾች ወረቀት ላይ ሥዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ለሦስት ቀን ዙሪያቸውን ዞርኩ። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። አንድ የሐመር ሽማግሌ ለመታወቂያ ሊነሳ መጥቶ ስለ ሦስተኛው ስነግረው «እሱን ግዛ፤ ጅብም ታባርርበታለህ» አለኝ። እኔም ልቤ እዚያው ነበር፣ አልዋሽህም። ነገር ግን ጂንካ ኮረንቲ የሚመጣው ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ እሱም ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካገኘ። ባዶ ሣጥን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ከአልዱባ ገበያ መልስ ጤና ረዳት መምሰል አልፈልግም።

አንደኛውም አይሆንም። የእኔ ካሜራ ራስ ላይ ያለው መሰኪያ ፍላሽ ይሸከማል እንጂ አያበራም፤ ማብሪያው ሽቦ የሚገባው ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሽቦ የሌለው ፍላሽ ለእኔ ኮፍያ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን። የማነሳበት ርቀት አራት እርምጃ አይሞላም፤ ጉልበቱ ይበቃኛል። አንገቱ መታጠፉ ደግሞ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነጭ አቡጀዲ ላይ አብርቼ መልሼ ሰው ላይ አወርደዋለሁ። ሽቦው ግን ይርዘም፤ ስድስት ክንድ ይሁን። ችግሩ ድንጋዩ ነው። እዚህ ሱቅ ያለው የእጅ ባትሪና የሬዲዮ ትልቁ ድንጋይ ብቻ ነው። ይህን ስናወራ የሰማችው አክስቴ ምን አለች መሰለህ? «ትንሽ ድንጋይ ከሆነ የጠፋው፣ ነሪ ወንዝ ውስጥ ሞልቶ የለም? ላምጣልህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ፎቶዋን በፀሐይ ላንሳት ብዬ ነበር፤ ፊልም አለቀብኝ።

ሻንቆ


ላይፕሲግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ሻንቆ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ፍላሹን ገዛሁት። መኮንን የሚባል ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ወደ አገር ስለሚመለስ፣ በሹራብ ጠቅልዬ ከሁለት ፊልም ጋር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ሽማግሌው ሽቦውን ስድስት ክንድ አድርጎ ቀጠለልኝ። ክንድ ስንት እንደሆነ ሲጠይቀኝ የራሴን ዘርግቼ አስለካሁት።

ስለ ድንጋዩ አትጨነቅ። ትልቁም ትንሹም የሚሰጠው ግፊት አንድ ነው፤ ትልቁ ይልቁንም ይቆያል። አራቱን ትልልቅ ድንጋይ ራስና እግር አድርገህ ደርድር፤ ከሁለቱ ጫፍ ሽቦ አውጥተህ ከፍላሹ ድንጋይ ቤት ጋር አገናኝ። ከራሱ የሚመጣው ሽቦ የመደመር ምልክት ወዳለበት ይግባ። እንዳትገለብጥ፤ ከገለበጥከው ፍላሹን ቀብረህ ለቅሶ ትቀመጣለህ።

አንድ ነገር ግን ዕረፍት ነሳኝ። በሁለቱም ደብዳቤህ አለምነሽ ደኅና፣ ልጆቹ ደኅና፣ ላሟ እንኳ ደኅና፣ እናቴ ብቻ በጣም ደኅና ናት። ጋሼ፣ እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ያ «በጣም» ከየት መጣ?

ደምሰው


ጂንካ፣ ሰኔ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለደምሰው

እልልታዬን ወረቀት የሚችለው ቢሆን ኖሮ ሌላ ቃል አልጽፍልህም ነበር። ደረሰ! መኮንንን ሦስት ቀን ካላስተናገድኩ አልለቀውም ብዬ፣ ዶሮዎቹ አለምነሽ ደብቃቸው ነው የተረፉት።

ድንጋዮቹን የደረደርኩት ቀርከሃ ውስጥ ነው። በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ አድርጌ አሰርኳቸው፣ ሽቦዎቹን አወጣሁ፣ የመደመሯን ምልክት አራት ጊዜ አየሁ። ስከፍተው ፍላሹ ሲያፏጭ ሰማሁት። ቀይ መብራቷ በራች። ተጫንኩት። ብልጭ ሲል እኔና አለምነሽ ተቃቀፍን፤ ባልና ሚስት በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ። ሰው አይቶን አለፈ።

አንድ ሙሉ ፊልም ለሙከራ ጨረስኩበት። አለምነሽ በጎን ይዛ እየራቀች፣ እየቀረበች፣ ከፍ እያደረገች፣ ዝቅ እያደረገች። ከታች ሲበራ ሰው ሁሉ ሰይጣን ይመስላል። ከጎንና ከራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ሲሆን ግን ሰው ራሱን ይመስላል። ከአርቦሬ የመጣች አንዲት ሴት ፎቶዋን አይታ በእጇ ዳበሰችው፤ ጉንጯ ከወረቀቱ ወጣ ያለ መስሏት ነው። አልሳቅሁም፤ እኔም ዳብሼው ነበር።

ይኸው የአክስቴ ፎቶ። በስተ ቀኟ አበራሁላት። የግራውን ጎን ለጥላ ትቼዋለሁ፤ የተማሩ ፎቶ አንሺዎች እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። አየህ ፈገግታዋን?

ሻንቆ


ላይፕሲግ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ሻንቆ

ፎቶው ደረሰኝ። ውብ ነው። ይዤው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አፏን፣ የቀኝ ጉንጯን፣ ግንባሯ ላይ ያለችውን መስመር፣ ሁሉን አገኘሁ። ከዚያ ጨለማውን አየሁት፤ ካየሁት በኋላም ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ስለ «በጣም» ለጠየቅኩህ መልስ አልሰጠኸኝም። ይህ ፎቶ መቼ እንደተነሳ በምን አውቃለሁ? ከማኅበር ፎቶ ላይ ቆርጠህ አሳድገኸው ቢሆንስ? ሥራህን አሞግሰኸዋል፤ እሷ ስትነሳ ምን እንዳለች ግን አንድ ቃል የለም። በአገራችን መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። እዚህ ያለ የወላይታ ልጅ የአባቱን ሞት የሰማው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉ አባቱ ሰላም ይለዋል እያሉ ይጽፉለት ነበር።

ጋሼ፣ እናቴ ሞታ ከሆነ ንገረኝ። ትምህርቴን አቋርጬ ልመለስ ማመልከቻ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ እውነቱን ካልጻፍክልኝ አስገባዋለሁ። ከገባ ደግሞ አይመለስም።

ደምሰው


ጂንካ፣ መስከረም 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ ደምሰው

በሕይወት አለች። ከሰላምታ በፊት ይህን አንብብ፤ እናትህ በሕይወት አለች፣ አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ «ጻፈው፣ ጻፈው» እያለች ነው። አውሮፕላኑ በጭቃው ምክንያት ስለማይወርድ ይህን ደብዳቤ የጭነት መኪና ሾፌሩ ዶላሞ እስከ አርባ ምንጭ ይወስድልኛል። ቶሎ እንዲደርስህ እጸልያለሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ካቻምና ግንቦት ከአልዱባ ገበያ ስትመለስ ጭነት መኪና ላይ ነበረች። የግራር ቅርንጫፍ መንገዱ ላይ ዘንበል ብሎ ኖሮ ግራ ዓይኗን መታት። እዚህም አሳከምናት፣ አርባ ምንጭም ወሰድናት፤ ዓይኑ ግን ጠፋ። እኔና ሽማግሌዎቹ ተመካከርንና ልጁ ከሰማ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፣ አይጻፍለት አልን። አለምነሽም ደብዳቤህን ስታነብላት የሚዘለለውን እየዘለለች አነበበች። ከካሜራው የሚወርድ ፍላሽ የፈለግሁት ስለ ሙያው ነው፣ ያልኩህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። ፀሐይ ሁለቱንም ጎን እኩል ታሳያለች፤ እኔ ግን አንዱን ጎን የሚያበራና ሌላውን የሚደብቅ ብርሃን ፈልጌ ነበር። ያንንም አገኘሁ፤ አንተን ግን ለሞት ዜና ዳረግሁህ። ይቅር በለኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲመጣ እናትህ እኛ ቤት ነበረች። አለምነሽ ማንበብ ጀምራ መሃል ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ገለበጠች። አክስቴ «አንብቢ፤ እንዳትዘልይ» አለቻት። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «እኔን ሳትጠይቁ ማን ቀበረኝ?» አለችኝ። በዚያም አልጨረሰችም፦ «ልጄ ስለ ዓይኔ አንድ ቀን አልጠየቀችም። ነጭ አገር ገብታ ልቧ ደነደነ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። እናንተ ናችሁ ያልነገራችኋት?»

አፍ መፍቻዋ ባልሆነው አማርኛ ስታወራ ዛሬም አንተን እንደ ሴት ልጅ ነው የምትጠራህ፤ አልተለወጠችም። እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌ ሆኜ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ብዙ የመከርኩ መስሎኝ ነበር፤ እሷን መጠየቅ ግን አንዳችንም አልታየንም።

ወዲያው ተነስታ «አንሳኝ» አለች። ከቀትር በኋላ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ነጭ አቡጀዲውን በስተ ቀኟ ዘረጋሁ፣ አለምነሽ እንደ ልማዷ ፍላሹን ይዛ ወደ ቀኟ ሄደች። አክስቴ እጇን ዘረጋችና «ስጪኝ» አለቻት። ፍላሹን በግራ እጇ ያዘች፣ ክንዷን እስከ ጫፉ ወደ ጎን ዘረጋች፣ መብራቱን ወደጠፋው ዓይኗ አዞረች። ሽቦው ጉልበቷ ላይ ወድቋል። ቅርብ ነው፣ ብርሃኑ ያስደነግጥሻል አልኳት። «ያ ዓይን ብርሃን አይፈራም። አንሳ» አለችኝ።

አነሳሁ። ፊልሙን ሳጥበው ጥርት ብሎ ወጣ። በፎቶው ጠርዝ የምታየው ክንድ የእሷ ነው። ብርሃኑን ምን ያህል ማራቅና ከየት ማምጣት እንዳለብኝ ሙሉ ፊልም አቃጥዬ የተማርኩትን እሷ በአንድ ጊዜ አደረገችው። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ፎቶ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ኮርቼበታለሁ፣ አፍሬበታለሁም።

ማመልከቻውን አታስገባ። እሷም እንደዚያ ነው የምትለው።

ጥፋተኛው ወንድምህ ሻንቆ


ላይፕሲግ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእናቴ ለቦሼ

አለምነሽ፣ ይህን ደብዳቤ አንድም ቃል ሳትዘልይ አንብቢላት።

እናቴ ሆይ፣ ያሳደገሽ አምላክ ለእኔም አቆየሽ፤ ስሙ ይባረክ። ፎቶሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ማመልከቻውን ቀድጄዋለሁ። ማደሪያ ቤቱን በሙሉ እየዞርኩ አሳየሁሽ፤ የቬትናሙም የሞዛምቢኩም የወላይታውም ልጅ አይተውሻል። ለሻጩ ሽማግሌም ወስጄ አሳየሁት፤ መነጽሩን አውልቆ ረዥም ጊዜ አየሽና መብራቱን ማን እንደያዘ ጠየቀኝ። እናቴ ናት አልኩት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ለጋሼ ሻንቆ ይቅርታ እንዳደረግሁለት ንገሪው፤ ግን ወዲያው አትንገሪው፣ ሁለት ቀን አቆዪው።

ደንዳና ሆኜ አይደለም፣ ባለማወቅ ነው ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልጠየቅሁሽ። አሁን ልጠይቅሽ። ያን ቀን መኪናው ላይ እንዴት ነበር? በጣም አመመሽ? ደሙን በምን ጠረጉልሽ? እስከ ጂንካ ድረስ እጅሽን ይዞ የመጣ ሰው ነበር? ስሙን ንገሪኝ፤ ለእሱም ደብዳቤ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ልጅሽ ደምሰው